የወፍ ፎቶ ላይ አስተያየት መስጠትና መቀበል፦ ሀዋሳ ላይ ከጓደኞቼ ጋር የተማርኩት

ይሄን የምጽፈው ወፍ ፎቶ ማንሳት ለጀመራችሁ ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ጓደኛችሁ "እስቲ እዪልኝ፣ እንዴት ነው?" ሲላችሁ ምን እንደምትሉት ለሚጨንቃችሁ። የምኖረው ሀዋሳ ነው፣ ስራዬ ከፎቶ ጋር አይገናኝም፣ ግን ሀይቁ እዚሁ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ካሜራ ይዤ መውጣት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እንደኔ አይነት አማተሮች ተገናኝተን ትንሽ ቡድን ሆነናል። ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ አንዲት ነርስ አለች፣ ባንክ የሚሰራ ልጅ አለ፣ አንዳንዴ ብቻ የሚመጡም አሉ። ከሀይቅ ስንመለስ አንዳችን ቤት ቡና ይፈላል፣ ላፕቶፕ ይከፈታል፣ ያነሳነውን እናሳያለን። ፎቶ ትምህርት ቤት የገባ ማናችንም የለም፣ የምናውቀውን በሙሉ ያወቅነው አንዳችን ላንዳችን በምንሰጠው አስተያየት ነው። ስለዚ ጥሩ አስተያየት ሰውን እንዴት እንደሚያሻሽል፣ መጥፎው ደግሞ እንዴት ካሜራ እንደሚያስቀምጥ በቅርብ አይቻለሁ።

"ዋው"፣ "ቆንጆ ነው"፣ "እጅህ ይባረክ" ሲባል ደስ ይላል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ አይቅር። ግን ምስጋና ነው እንጂ አስተያየት አይደለም። ለኔ አስተያየት ማለት የሚቀጥለው ቅዳሜ ሀይቁ ዳር ቆሜ ልሞክረው የምችለው ነገር ነው። ይሄ ብቻ ነው መለኪያዬ። አንድ ሰው ስለ ፎቶዬ የተናገረውን ይዤ ሄጄ በእጄ፣ በእግሬ ወይ በካሜራዬ ላደርገው የምችለው ነገር ከሌለበት፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን ለኔ ገና አልተጠናቀቀም።

እኛ ጋር ደግሞ ይሉኝታ አለ። ሰው ቤት ተቀምጠህ ቡናውን እየጠጣህ "ፎቶህ ፎከስ የለውም" ማለት ይከብዳል፣ ስለዚ ሁሉም "አሪፍ ነው" ብሎ ያልፋል፣ ልጁም ያንኑ ፎቶ ዓመቱን ሙሉ እየደጋገመ ያነሳል። እውነቱን አለመናገር አክብሮት አይመስለኝም። ግን እውነቱን የምትናገርበት መንገድ አለ፣ እሱ ላይ ነው ሰፋ አድርጌ ማውራት የምፈልገው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የሀዋሳ ሀይቅ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፣ ስለዚ ጠዋት ከከተማው በኩል ቆመህ ወደ ሀይቁ ስታይ ጸሀይ ከጀርባህ ትወጣና ወፉን ፊት ለፊት ታበራልሃለች፣ ከዚ የተሻለ ብርሃን የለም። እዛው ብርሃን ውስጥ ነጭ ወፍ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባንክ የሚሰራው ጓደኛችን ቄጠማ ስር የቆመች ነጭ ኢግሬት አንስቶ መጣ፣ ዓሳ ልትወጋ አንገቷን አጥፋ ያደፈጠችበት ቅጽበት ነው፣ በጣም የሚገርም አቋም፣ ላባዋ ግን ዝርዝሩ ሁሉ ጠፍቶ በቃ ነጭ ብቻ ሆኗል። አንዱ "ነጩ በዝቷል" አለው። ልክ ነው፣ ግን የልጁ ፊት "እሺ ምን ላድርግ?" ይላል። ከዛ ነርሷ ቀጠለችና ካሜራው ከወፏ ኋላ ያለውን ጥቁር ውሃ አይቶ ቦታው የጨለመ መስሎት ብርሃን ጨምሯል፣ ወፏ ደግሞ ከመጀመሪያውም ነጭ ስለሆነች ከልክ አለፈች፣ ስለዚ ነጭ ወፍ ጥቁር ባክግራውንድ ላይ ስታገኝ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን ከፍ ዝቅ የምታደርግበትን) ወደ ማይነስ 1 አውርደው፣ ካነሳህ በኋላ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ) እይ፣ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተከመረ ገና አውርድ፣ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ካነሳህ ኤዲት ላይ ትንሽ ማዳን ይቻላል፣ ጭራሽ የነጣውን ግን ሮውም አይመልሰውም አለችው። በሚቀጥለው ሳምንት ይዞ የመጣው ፎቶ ላይ የደረቷን ላባ አንድ ባንድ ታየዋለህ።

ሁለቱም ሰዎች ያዩት ያው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጉድለቱን ተናገረ፣ ሁለተኛዋ ጉድለቱ ከየት እንደመጣና በየትኛው በተን እንደሚስተካከል ነገረችው። ምክንያቱን ስለነገረችው ደግሞ ልጁ ተገላቢጦሹንም ራሱ ደረሰበት። አባ ኮዳ (ማራቡ ስቶርክ የሚባለው ትልቅ ወፍ) ዛፍ ጫፍ ላይ ቆሞ ከኋላው ነጭ ሰማይ ሲሆን ካሜራው ሰማዩን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፣ ወፉ ጥላ ብቻ ይሆናል፣ እዛ ጋ ወደ ፕላስ 1 ነው መሄድ ያለብህ። ይሄን ማንም አልነገረውም።

ሁለተኛው ነገር፣ ከመናገር በፊት መጠየቅ። ይሄን ያስተማሩን ጋሼ ናቸው። ነርሷ ዝዋይ ሄዳ፣ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ጋ፣ ውሃ ላይ የሚያርፉ ፔሊካኖች አንስታ መጣች። ክንፋቸው ደብዝዟል፣ ውሃው መስመር መስመር ሆኗል፣ የአንዱ ጭንቅላት ብቻ ትንሽ ይለያል። ወዲያው ሁላችንም ተንጫጫን፣ ብለር ነው፣ ሸተርሽ (ካሜራው የሚከፈት የሚዘጋበት ፍጥነት) ዝቅ ብሏል፣ የሚበር ወፍ ቢያንስ ባንድ ሁለት ሺህኛ ሴኮንድ ነው ምናምን። እሷ ዝም አለች። ጋሼ ጽዋቸውን አስቀመጡና "የኔ ልጅ፣ ምን ልታሳዪን ፈልገሽ ነው?" አሏት። ፔሊካን ሲያርፍ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ውሃው ላይ የሚንሸራተተው ነገር አለ አይደል፣ እሱ ፍጥነት እንዲታይ ብዬ ሆን ብዬ ባንድ ሰላሳኛ ሴኮንድ ነው ያነሳሁት አለች። ወሬው በሙሉ ተቀየረ። ካሁን በኋላ ጥያቄው ለምን ደበዘዘ ሳይሆን ለምን ጭንቅላቱ ከዚ በላይ አልጠራም ሆነ፣ አንድ ስልሳኛ ብትሞክሪስ፣ ክንድሽን ብቻ ሳይሆን ከወገብሽ ዞረሽ ወፉን ብትከተዪው፣ ጣትሽን በተኑ ላይ ይዘሽ ባንዴ ብዙ ብታነሺና ከመሀል ጭንቅላቱ የጠራበትን ብትመርጪ። ቅድም የነገርናት ምክር ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን ለሌላ ፎቶ ነበር የሚሆነው። አንድ ሰው ሊያነሳ ያልፈለገውን ፎቶ እንዲያነሳ መምከር ጊዜውን ማባከን ነው።

ስለዚ አሁን ቤታችን ህግ አለ፣ ፎቶው ስክሪን ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ባለቤቱ ምን ፈልጎ እንዳነሳ ባንድ አረፍተ ነገር ይናገራል፣ ካልተናገረ ይጠየቃል። "አላውቅም፣ ቆንጆ ወፍ ነበር አነሳሁት" ማለትም ይቻላል፣ መልስ ነው።

ከዛ እንዴት ነው የምናየው? እኔ መጀመሪያ የማየው ዓይኑን ነው። መቶ ፐርሰንት አጉልቼ ዓይኑ ጥርት ብሏል ወይ፣ ብርሃን ነጥብ አለው ወይ፣ ወይስ ጥቁር ቀዳዳ ብቻ ነው። የሰው ዓይን ፎቶ ላይ መጀመሪያ የሚያርፈው እንስሳው ዓይን ላይ ነው፣ እዛ ጋ ከጠፋ ክንፉ ቢጠራ ጭራው ቢጠራ አይጠቅምም። ዓይኑ ካልጠራ ደግሞ የት ጋ ነው የጠራው ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል፣ ፊት ለፊት ያለው ቅጠል ጠርቶ ከሆነ ፎከሱ ቅጠሉን ይዟል ማለት ነው፣ መፍትሄው አንዷን የፎከስ ነጥብ ብቻ መርጦ ጭንቅላቱ ላይ ማድረግ ነው። ምንም የጠራ ነገር ከሌለ ግን ወይ እጅ ተንቀጥቅጧል ወይ ሸተሩ ዘገምተኛ ነው። ረፋድ አልፎ ጸሀይ ከጠነከረች በኋላ ከሩቅ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ከውሃውና ካሸዋው የሚነሳው ሙቀት አየሩን እያርገበገበው ሊሆን ይችላል፣ እሱን ምንም ሌንስ አያስተካክለውም፣ መፍትሄው ወይ መቅረብ ወይ በጠዋት መነሳት ነው። አያችሁ፣ "አልጠራም" የሚለው አንድ ቃል ስር አራት የተለያየ መፍትሄ ያለው ችግር አለ፣ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ሳይነግሩት "አልጠራም" ብሎ መተው ልጁን የባሰ ግራ ያጋባዋል።

ሌላው የምንናገረው ስለ እግር ነው፣ ማለትም ፎቶ አንሺው የት እንደቆመ። አሞራ ገደል ዓሳ አስጋሪዎቹ ጋ አባ ኮዳዎቹ ሰው አይፈሩም፣ ዓሳ ሲገፈፍ የሚጣለውን ይጠብቃሉ፣ ጀማሪ እንደዛ ቅርብ የሚቆም ትልቅ ወፍ የትም አያገኝም። ግን ከኋላቸው ጀልባ አለ፣ ሰው አለ፣ ፕላስቲክ ጠርሙስ አለ። "ባክግራውንዱ ተዝረክርኳል" ከማለት "ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብትሄድ ከኋላው ውሃው ብቻ ይሆን ነበር" ማለት ይሻላል። ከፍታም እንደዚሁ ነው። አባ ኮዳ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል፣ ቆመህ ብታነሳው ችግር የለውም፣ ውሃ ላይ ባለው ቅጠል የምትራመደዋን ጃካና ግን ቆመህ ካነሳሃት ጀርባዋን ብቻ ነው የምታገኘው፣ ወርደህ ተንበርከክ፣ ከቻልክ ተኛ፣ ልብስ ይታጠባል። ወፉ የሚያይበት ወይ የሚበርበት አቅጣጫ ቦታ ይኑረው፣ የክንፍ ጫፍ ትንሽ ብቻ ከተቆረጠ ያስቆጫል፣ ብዙ ከተቆረጠ ደግሞ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። እነዚህ የታወቁ ናቸው፣ ብዙ አልሄድባቸውም።

ክሮፕ ላይ ግን አንድ ነገር። ብዙ ጀማሪ ወፏ ሩቅ ስለምትሆንበት ቆርጦ ቆርጦ ያመጣታል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ፎቶው 6000 በ4000 ነው፣ 1200 በ800 እስኪሆን ከቆረጥከው አንድ ሜጋፒክስል እንኳን አይሞላም። እንደዛ አይነት ፎቶ ሲመጣ ስለ ጥራቱ ማውራት ጥቅም የለውም፣ ያልተቆረጠውን አሳየኝ በሉት። ስንቴ አጋጥሞናል መሰላችሁ፣ ሙሉው ፎቶ ከተቆረጠው ይበልጣል፣ ትንሿ ኪንግፊሸር ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሀይቁ ሰፍቶ ከኋላ ተራራው ሲታይ እዛ ውስጥ ወፏ የምትኖርበት ቦታ አለ።

ሌንስ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። "ሌንስህን ቀይር" አስተያየት አይደለም። እዚ ሀገር ረጅም ሌንስ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን፣ ወይ ከዱባይ ወይ ካሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ይጠበቃል፣ የብዙ ወር ደሞዝ ነው። የኛ አብዛኞቻችን ሌንስ በ300 ሚሊሜትር የሚያልቅ ነው፣ የካኖን ትንሹ ሴንሰር ላይ በ1.6 ሲባዛ እንደ 480 ያያል፣ በዛ ብዙ ነገር ይሰራል። ሰውየው ባለው ዕቃ ነገ ሊያደርግ የሚችለውን ንገሩት፣ ቁጭ ብሎ ወፏ ራሷ እስክትቀርብ መጠበቅ፣ መኪና ካለ ከመኪና ውስጥ ማንሳት፣ ወፎቹ በየቀኑ የሚመለሱበትን እንጨት ማጥናት። ነጩና ጥቁሩ ኪንግፊሸር ለምሳሌ አድኖ ሲጨርስ የሚመለስበት እንጨት አለው፣ እሱን እንጨት ካወቅክ በ300 በቂህ ነው።

ስለ አክብሮት ደግሞ። ጋሼን ስለ ፎቷቸው መናገር መጀመሪያ ላይ ለሁላችንም ከባድ ነበር። አንዴ ማላካይት ኪንግፊሸር አምጥተው ሰማያዊ ቀለሟ ዓይን እስኪወጋ ድረስ ኤዲት ተደርጓል፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ ሌሎቹ ሲወጡ ጠበቅኩና "ጋሼ፣ ይቺን ወፍ በዓይንዎ ሲያይዋት እንዲህ ነበረች?" አልኳቸው። ትንሽ አዩትና "አይ፣ እንዲህስ አልነበረችም፣ ስልኬ ላይ ሳያት ደብዘዝ ስላለችብኝ ነው የጨመርኩት" አሉ። ስልካቸው ብራይትነሱ ዝቅ ተደርጎ ነበር! ከፍ አድርገን ያልተነካውን ፎቶ ስናየው ምንም አላነሰውም። እና ይሄን ካሳየኋቸው በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት ራሳቸው ሰብሰብ አድርገው "ልጆች፣ ኤዲት ከማድረጋችሁ በፊት የስልካችሁን ብርሃን እዩ" ብለው አስተማሩን። ለትልቅ ሰው የሚነገር ነገር ካለ ለብቻ፣ በጥያቄ፣ በራሳቸው ዓይን ምስክርነት ቢሆን ጥሩ ነው። እሳቸውም በኋላ "ለምን ዝም ትሉኛላችሁ፣ እኔ ልማር አይደል የመጣሁት" ብለውናል፣ አሁን በሁሉም ፊት እንነግራቸዋለን፣ እርስዎ እያልን።

ከዚ ሁሉ በላይ የሚያመኝ ታሪክ የትንሹ ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፣ ካሜራ የለውም፣ በስልኩ ነው የሚያነሳው። አንድ ቀን አየር ላይ ቆሞ ክንፉን የሚያራግብ ኪንግፊሸር ብሎ አመጣ፣ ፎቶው ላይ ነጥብ ናት። ዕለቱን በእንግድነት የመጣ፣ ጥሩ ካሜራ የያዘ ሰው "ይሄ ፎቶ አይባልም" አለው። ልጁ ሳቅ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዛ ቀረ። ያንን ስልክ ይዞ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሀይቅ ዳር የሚቆም ልጅ ስንት አለ? ወፍ የሚወድ ልጅ ማጣት ለኔ ቀላል ነገር አይደለም፣ ይቺ ሀገር ላይ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል፣ የሚያያቸውና ነገ የሚጠብቃቸው ሰው እንደዚህ ካለ ልጅ ነው የሚወጣው። እና ሰውየው ያለው ነገር ክፉ ብቻ ሳይሆን ባዶም ነው፣ ልጁ ይዞት የሚሄድ ምንም የለውም።

ነርሷ ደወለችለት። የነገረችው ምን መሰላችሁ፣ ስልክ ሩቅ ያለችን ትንሽ ወፍ አይችልም፣ ግን ስልክ ሰፊ ነገር ይወዳል፣ አንተ ጠዋት ሳይሆን ማታ ውጣ አለችው። ጸሀይ ምዕራብ ስትገባ ሀይቁ ላይ ነው የምትገባው፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ማታ ዛፍ ላይ ይሰፍራሉ፣ ስለዚ ከከተማው በኩል ቆመህ ወደ ሀይቁ ስታነሳ ዛፉና ወፎቹ ጥቁር ጥላ ሆነው ሰማዩ ይቀላል፣ ስክሪኑ ላይ ሰማዩን ንካና ብርሃኑን ወደታች ጎትተው፣ ሁለት ወፎች እርስ በርስ እንዳይደራረቡ ቦታህን ቀይር፣ ጥላ ሲሆን መንቁሩ በጎን ካልታየ ወፍ መሆኑ አይለይም። ልጁ ያንን ሞከረ። ከዛ ወዲህ ያመጣቸው የጥላ ፎቶዎች ከኛ ባለ ሌንሶቹ ይሻላሉ፣ ይሄን ስል ላበረታታው አይደለም፣ ስለሚሻሉ ነው።

ስለ ወፉ ማንነት የሚሰጥ አስተያየትም አለ፣ ይሄ የወፍ ፎቶ ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው። ሰው ስቴፕ ንስር ነው ብሎ ያመጣል፣ ሌላው አይ ታውኒ ንስር ነው ይላል፣ ክርክር ይሆናል። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ከሚረዱት አንዱ የአፋቸው ጥግ ያለው ቢጫ መስመር ነው፣ ታውኒው ላይ እስከ ዓይኑ መሀል ይደርሳል፣ በበጋ ከሰሜን እየመጣ የሚከርመው ስቴፕ ንስር ላይ ግን እስከ ዓይኑ ኋላ ጠርዝ ይሄዳል። ይሄን የሚያውቅ ሰው "ስሙን ተሳስተሃል" ብሎ ከማቆም "ሌላ ጊዜ ንስር ስታገኝ ፊቱን በጎን በኩል አንድ አንሳ፣ አፉን ማየት እንድንችል" ቢል ሰውየው ስምም ፎቶም ይማራል። እኛ ስንቸገር ሜርሊን የሚባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነጻ አፕ እንጠቀማለን፣ ፎቶ ስታሳየው ግምቱን ይሰጣል፣ ግን እሱንም ከመጽሐፍ ጋር እናስተያያለን፣ አንዳንዴ ይሳሳታል።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበት ነገር፦ ወፉ ፎቶው ላይ ምን እየሆነ ነው? ባንክ የሚሰራው ልጅ ላፕዊንግ፣ ያቺ ሀይቅ ዳር ሳር ላይ የምትሮጠው ክንፏ ላይ እሾህ ያላት ወፍ፣ ክንፏን ሙሉ ዘርግታ አፏን ከፍታ ካሜራውን ስታይ አንስቶ መጣ። ፎከሱ ልክ፣ ብርሃኑ ልክ፣ ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ጋሼ ግን "ይቺ ወፍ እንቁላል አላት፣ እያባረረችህ ነው" አሉት። እውነት ነው፣ ላፕዊንግ መሬት ላይ ነው እንቁላሏን የምትጥለው፣ ሰው ወይ ከብት ሲጠጋ እንደዛ ትዘረጋለች ትጮሃለች፣ እሷ ከእንቁላሉ በራቀች ቁጥር ጸሀይ ያቃጥለዋል፣ ቁራም ያየዋል። ልጁ አላወቀም ነበር፣ ማንም አልወቀሰውም፣ ግን ጋሼ ባይናገሩ ኖሮ ጭብጨባችን ልጁ እዛው ተመልሶ እንዲሄድ ነበር የሚያደርገው። ለዚህ ነው "እንዴት አገኘኸው?" የሚለውን ጥያቄ ሁልጊዜ የምንጠይቀው። ክንፍ መዘርጋት፣ አፍ መክፈት፣ ምግብ በመንቁር ይዞ ወደ ጎጆ ሳይገቡ መቆየት፣ እነዚህ ሁሉ ፎቶ ላይ ያምራሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን ወፉ በእኛ ምክንያት ተጨንቋል ማለት ነው። ጎጆ ላይ የተነሳ ፎቶ ሲመጣ ስለ ፎከሱ ከማውራታችን በፊት ምን ያህል ቀረብክ፣ ምን ያህል ቆየህ፣ ቅርንጫፍ ነካህ ወይ ብለን እንጠይቃለን። ቦታውንም ለሌላ ሰው አንናገርም።

መቀበልን በተመለከተ። እኔን የረዳኝ አንድ ነገር ሰው ሲናገር አለማስረዳት ነው። "ብርሃኑ እኮ እንዲህ ነበር፣ ወፉ እኮ ቶሎ ሄደ" ማለት ከጀመርክ የሚናገረው ሰው ያቆማል፣ ምክንያቱም ሊያስቀይምህ አይፈልግም። ዝም ብዬ እጽፋለሁ፣ ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ "አንተ ብትሆን የት ትቆም ነበር?" ብዬ። ሲያመኝ ደግሞ፣ ያማል አንዳንዴ፣ ሌሊት አስነስቶኝ ያነሳሁት ነው፣ እስከ ማግስቱ ምንም አልወስንም። ሁለት ሰው ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ከተናገሩኝ እቀበላለሁ፣ ባይዋጥልኝም።

ሁሉንም አልቀበልም ግን። ጉድለትና ምርጫ ይለያያል። የነጣ ላባ ጉድለት ነው፣ ማንም አይከራከርበትም። ነገር ግን አንድ የአባ ኮዳ ፎቶ አለኝ፣ ፊቱን ሙሉ ይዞ ከጎን በኩል ዓሳ የሚገፍፈው አስጋሪ እጅና ቢላዋ ብቻ ይታያል። ሶስት ሰው እጁን ቁረጠው አለኝ። አልቆረጥኩትም፣ ምክንያቱም ያ ወፍ እዚህ ከተማ የሚኖረው ከዛ እጅ ጋር ነው፣ እኔ ላሳይ የፈለግኩት እሱን ነው። አመሰገንኳቸው፣ ምክንያቴን ነገርኳቸው፣ ተውኩት። አንዱ አሁንም አይስማማም፣ ይሄም ምንም አይደል።

ስትጠይቁ ደግሞ በደንብ ጠይቁ። አርባ ፎቶ አውርዶ "እዩልኝ" ማለት "አሪፍ ነው" የሚል መልስ መጥራት ነው። እኛ ጋር አንድ ሰው ሁለት ፎቶ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ከነ ሸተሩ ከነ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ከነ ጥያቄው። "የግራ ክንፉ መቆረጡ ይረብሻል ወይ?" ካልከኝ መልስ እሰጥሃለሁ። ራቅ ላለ ሰው የምትልኩ ከሆነ በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ስትልኩት ስለሚጨመቅ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት፣ አለበለዚያ ሰውየው ስለ ፎከስ የሚነግራችሁ ስለ ተጨመቀው ነው።

አብሯችሁ የሚያይ ሰው ከሌለ ፎቶውን ለጥቂት ሳምንት አስቀምጡና ተመለሱበት፣ ካነሳችሁበት ቀን ደስታ ትንሽ ራቅ ስትሉ ዓይናችሁ ሌላ ነገር ያያል። እኔ ደግሞ ትንሽ አድርጌ፣ ባውራ ጣት ጥፍር ልክ፣ አየዋለሁ፣ በዛ መጠን ወፉ የት እንዳለ ወዲያው ካልታወቀኝ ባክግራውንዱ ውጦታል ማለት ነው።

እና ምክሩን ስትሞክሩ ሁለተኛውን ፎቶ ለዛው ሰው መልሳችሁ አሳዩት፣ ሳይሰራ ሲቀርም። ይሄን ብዙ ሰው አያደርገውም፣ ምክር የሰጠው ሰው ግን ልክ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው። ኢግሬቷን ማይነስ 1 ላይ ያነሳው ልጅ ክረምት ላይ፣ ሰማዩ ሙሉ ደመና በሆነበት ጠዋት፣ ያንኑ አድርጎ ወፏ ግራጫ ሆና መጣችበትና አምጥቶ አሳየን። ነርሷም አየችው፣ ደመና ሲሆን ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነ በነጩና በጥቁሩ መሀል ያለው ልዩነት ይጠባል፣ ማይነስ 0.3 ይበቃል አለች፣ አሁን ሁላችንም ደመና ላይ ከዛ ነው የምንጀምረው።